ኔጋቲቭ የሌለው ፎቶግራፍ

ፎቶ ቤቶች በፊልም ይሠሩ በነበረበት ዘመን ደንበኛው ይዞት የሚሄደው የታተመውን ምስል ቢሆንም ዋናው ግን ኔጋቲቩ ነበር። የታተመው ፎቶ ቢቀደድ፣ ቡና ቢፈስበት፣ ፀሐይ ቢያገረጣው፣ ኔጋቲቩ እስካለ ድረስ እንደገና ይታተማል። ፎቶ የሚያሳምረው ባለሙያ የፊትን ጠባሳና መጨማደድ በቀጭን እርሳስ ኔጋቲቩ ላይ ሲሸፍን እንኳ፣ እርሳሱ ታጥቦ ሊለቅ የሚችል ነበር። በአዲስ አበባ ከቦያጂያን ቤተሰብ ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው የፎቶ ቤት ሙያም በዚሁ እምነት ላይ የቆመ ነው። የቤት ኮምፒዩተር መጥቶ የፎቶን ሥራ ከጨለማው ክፍል አውጥቶ ሳሎን ውስጥ ሲያስቀምጠው ብዙ ነገር ቀለለ፤ አንድ ነገር ግን ማንም ሳያስተውለው ቀረ። ይኸውም ኔጋቲቩ ነው። ለጀማሪዎች ተብለው የተሠሩት የፎቶ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞች ታሪክ በአመዛኙ ይህ የቀረው ኔጋቲቭ በሌላ መልክ እስኪመለስ ድረስ የተሄደበት መንገድ ታሪክ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኮምፒዩተር ፎቶግራፍን ያወቀው በአንድ ሕፃን ፊት ነው። በ1957 በአሜሪካ ብሔራዊ የመለኪያዎች ቢሮ ይሠራ የነበረው ራስል ኪርሽ፣ የሦስት ወር ልጁን የዋልደንን ፎቶ ከባልደረቦቹ ጋር በሠራው ባለ ተሽከርካሪ በርሜል ስካነር አማካይነት ሲያክ ወደተባለው ኮምፒዩተር አስገባ። ምስሉ አምስት ሳንቲ ሜትር በአምስት ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ የተሠራባቸው ነጥቦች 176 በ176፣ በጠቅላላው 30,976 ነበሩ። እያንዳንዱ ነጥብ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ነው፤ መካከለኛ የለውም። በመንግሥት ቤተ ሙከራ ውስጥ የተፈተነው የመጀመሪያው ሥዕል የአባት ኪስ ውስጥ የሚገኝ ዓይነት ፎቶ መሆኑ፣ መሣሪያው ውሎ አድሮ ማን ቤት እንደሚገባ አስቀድሞ የተናገረ ይመስላል።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል ሥራው በቤተ ሙከራዎች፣ በጠፈር ምርምርና በታላላቅ ማተሚያ ቤቶች ታጥሮ ቆየ። በ1987 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ቶማስ ኖል፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ በሚያሳየው የማኪንቶሽ ፕላስ መስኮት ላይ ግራጫ ቀለም እንዲታይ የሚያደርግ አነስተኛ ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ። አባቱ ፕሮፌሰር ግሌን ኖል ፎቶ ወዳድ ስለነበሩ በቤታቸው ምድር ቤት የጨለማ ክፍል ነበራቸው፤ ቶማስም ፎቶ ማጠብን የተማረው እዚያ ነው። ለፊልም ልዩ ልዩ ትእይንቶችን በሚያቀናብር ኩባንያ ይሠራ የነበረው ወንድሙ ጆን የቶማስን ሥራ ሲያይ ጥቅሙ ወዲያው ገባው፤ ሁለቱም ተባብረው ያሳደጉት ፕሮግራም በፌብሩዋሪ 1990 ፎቶሾፕ ተብሎ በአዶቢ ኩባንያ በኩል ለገበያ ቀረበ።

ልብ ሊባል የሚገባው የፎቶሾፕ ቋንቋ የጨለማው ክፍል ቋንቋ መሆኑ ነው። በጨለማው ክፍል ውስጥ ከወረቀቱ አንዱ ክፍል እንዳይጠቁር የሚፈልግ ባለሙያ በሽቦ ላይ የተሰካ ክብ ካርቶን ከብርሃኑ ፊት ያውለበልባል፤ እንዲጠቁርለት የሚፈልገውን ክፍል ደግሞ በእጁ መዳፍ ቀዳዳ ሠርቶ ብርሃኑን ለይቶ ያሳርፍበታል። ሁለቱም፣ ካርቶኑና እጁ፣ ትንንሽ ሥዕል ሆነው ፎቶሾፕ ውስጥ ገብተዋል። ይባስ ብሎ ምስልን ጥርት የሚያደርገው መሣሪያ ስሙ "ያልጠራ ጭምብል" ማለት ነው! ለፊልም ባለሙያ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ድሮ ጥራት የሚገኘው ብዥ ያለ ቅጂ ከኔጋቲቩ ጋር ደርቦ በማተም ነበርና። የጨለማ ክፍል ደጃፍ ረግጦ ለማያውቅ የቤት ተጠቃሚ ግን ይህ ሁሉ የባዕድ አገር ቋንቋ ነው። ፎቶን በቤት ለማረም አስቸጋሪ ካደረጉት ነገሮች የመጀመሪያው የፕሮግራሞቹ ድክመት ሳይሆን የተወለዱበት ቤት ነበር ማለት ይቻላል።

የቤት ተጠቃሚው የመጣው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። አፕል በ1994 ኩዊክቴክ 100 የተባለውን ካሜራ አወጣ፤ 640 በ480 ነጥብ ያላቸውን ስምንት ፎቶዎች ብቻ ይይዝ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ካሲዮ ከጀርባው መመልከቻ መስኮት ያለውን ካሜራ አቀረበ፤ ዊንዶውስ 95ም በዚያው ዓመት ወጣ። የጠረጴዛ ስካነርና የቀለም ማተሚያ ዋጋ እየረከሰ ሄደ። እነዚህን ዕቃዎች የሚሸጡ ኩባንያዎች ሳጥኑ ውስጥ አንድ የፎቶ ፕሮግራም መጨመር ነበረባቸው፤ አለዚያ ገዢው ስካነሩን ሰክቶ ምን ያድርግ?

አዶቢ ለዚህ ያዘጋጀው ፎቶዴሉክስ በ1996 ሲወጣ ከታላቅ ወንድሙ ከፎቶሾፕ የተለየ መንገድ ያዘ። መሣሪያዎቹን ደርድሮ "እንግዲህ ተጠቀም" ከማለት ይልቅ ሥራውን ከነደረጃው አስቀመጠ፤ መጀመሪያ ፎቶውን አምጣ፣ ቀጥሎ ቁረጥ፣ ከዚያ ብርሃኑን አስተካክል፣ በመጨረሻ አትም እያለ፣ እጅ ይዞ እንደሚመራ አስጎብኚ ተጠቃሚውን ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው ያሻግራል። የሰላምታ ካርድና የቀን መቁጠሪያ የሚሠራባቸው ዝግጁ ቅርጾችም ነበሩት። በስካነር፣ በማተሚያና በካሜራ ሳጥን ውስጥ ተጨምሮ ስለሚሰጥም ብዙ ሰው ሳይገዛው ባለቤቱ ሆነ። ባለሙያዎች ቢንቁትም፣ የፎቶ ፕሮግራም ለተራ ሰው በተራ ሰው ቋንቋ ሊናገር እንደሚችል በሰፊው ያሳየ እሱ ነውና ንቀቱ አግባብ አልነበረም።

የሚመራው ሰው ግን መሪው ከሄደበት ሌላ መሄድ አይችልም። ፎቶዴሉክስ ያላሰበውን ሥራ ለመሥራት የፈለገ ሰው መንገዱ ሁሉ ዝግ ይሆንበታል። ከዚህም በላይ "አስቀምጥ" ሲባል ፎቶውን የሚያስቀምጠው ፒዲዲ በተባለ የራሱ የፋይል ዓይነት ነበር። ለዘመድ በኢ-ሜይል የሚላክ ጄፔግ ለማግኘት በሌላ ትእዛዝ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ይህን ያላወቀ ሰው ለዘመዱ የሚልከው ዘመዱ ሊከፍተው የማይችለውን ፋይል ነው።

በሌላ በኩል ፔይንት ሾፕ ፕሮ የተባለው ፕሮግራም ነበር። የጻፈው ሮበርት ቮይት የአየር መንገድ አብራሪ ሲሆን፣ ኩባንያውን ጃስክ ብሎ የሰየመው ጄትንና ሶፍትዌርን አጣምሮ ነው። ፕሮግራሙ በ1990 የጀመረው የሥዕል ፋይሎችን ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ በመለወጥ ብቻ ነበር፤ ቀስ በቀስ ግን ሙሉ ማቀናበሪያ ሆነ። መጀመሪያ ሞክረህ በኋላ ክፈል በሚለው ደንብ ስለሚሸጥ ከእጅ ወደ እጅ በቀላሉ ተዳረሰ፤ ዋጋውም ከፎቶሾፕ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ጀማሪውን እንደ ሕፃን አይመራውም፤ በዚያው መጠን ደግሞ ጀማሪው ያለ ረዳት ይቸገርበታል። መምራትና መልቀቅ ሁለቱንም በአንድ ላይ አሟልቶ የያዘ ፕሮግራም በዚያን ጊዜ አልነበረም።

የዘመኑ ተጠቃሚ ከሁሉ አብልጦ የሚማረርበት ነገር የተሠራውን መመለስ አለመቻሉ ነው። ፎቶሾፕ ራሱ ብዙ እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ የቻለው በ1998 በወጣው አምስተኛ እትሙ ነው፤ ከዚያ በፊት የሚመለሰው የመጨረሻዋ አንድ እርምጃ ብቻ ነበረች። ምክንያቱ ስንፍና ሳይሆን ሜሞሪ ነው። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ተራ ፎቶ በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ስካን ቢደረግ 1,200 በ1,800፣ ማለትም 2,160,000 ነጥብ ይወጣዋል። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ተብሎ ሦስት ባይት ሲሰጥ ፎቶው ብቻውን 6.5 ሜጋ ባይት ያህል ይይዛል። 32 ሜጋ ባይት ሜሞሪ ያለው የቤት ኮምፒዩተር ዊንዶውስን ተሸክሞ፣ ፕሮግራሙን ተሸክሞ፣ የእንዲህ ያለ ፎቶ አራትና አምስት ቅጂ ይያዝ ማለት ዘበት ነበር። ስለዚህ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ ሰው የመጀመሪያው ስሕተት ይጸናበታል።

ይህ ግን ቢያንስ የሚታይ ችግር ነው። የማይታየው ይከፋል። በ1992 ደንብ ሆኖ የጸደቀው ጄፔግ ፎቶን የሚያሳንሰው ምስሉን 8 በ8 ነጥብ ወደሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ፣ ከየካሬው ውስጥ ዓይን ብዙ የማይፈልገውን ዝርዝር በመጣል ነው። አንድ ጊዜ ሲደረግ ጉዳቱ አይታወቅም። ፎቶው ተከፍቶ፣ ጥቂት ተስተካክሎ፣ እንደገና በጄፔግ በተቀመጠ ቁጥር ግን መጣሉ ይደገማል፤ ውሎ አድሮም በፊት ጠርዝና በጽሑፍ ዙሪያ ቆሻሻ የመሰለ ነገር ይሰፍራል። ጎን ተኝቶ የመጣን ፎቶ ማቃናት እንኳ ከዚህ አያመልጥም ነበር። በ2001 በወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ የፎቶ መመልከቻው፣ መጠናቸው የማይመች ፎቶዎችን ማዞር ጥራታቸውን ለዘለቄታው ሊቀንስ እንደሚችል ያስጠነቅቅ የነበረው ለዚህ ነው። ምን እየተነገረው እንደሆነ የገባው ተጠቃሚ ጥቂት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የኔጋቲቩ መቅረት የሚያሳዝነው እዚህ ላይ ነው። ከአያት የቀረች አንዲት ፎቶ ከአንድ ዘመድ ቤት በውሰት መጥታ ስካን ትደረጋለች፤ ወረቀቷም ወደ ባለቤቷ፣ ምናልባትም ወደ ሌላ አገር ትመለሳለች። በዘገምተኛው የስልክ መስመር በኢ-ሜይል ለመላክ ትከብዳለችና የረጅሙ ጎኗ ልክ ወደ 640 ነጥብ ይወርዳል። ከዚያም "አስቀምጥ" የሚለው ቁልፍ ይጫናል። በዚያች ቅጽበት ከስምንት ነጥብ ሰባቱ ጠፍቷል፤ በነባሩ ፋይል ቦታ ላይ ትንሹ ተቀምጧል። ፕሮግራሙ የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል። የጀማሪዎቹ ፕሮግራሞች አስቸጋሪ ቃላትን ከተጠቃሚው ዓይን ሲሰውሩ ከቃላቱ ጋር አደጋውንም ሰወሩት፤ ሊቀልል የማይገባውን አቀለሉት። ከጉድለታቸው ሁሉ የከፋው ይህ ነው።

በጉራ ሲነገርላቸው የነበረው "በአንድ ቁልፍ" የሚደረገው አውቶማቲክ ማስተካከያም የራሱ ጣጣ አለው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከምስሉ ውስጥ በጣም የጨለመውን ነጥብ ፈልጎ ወደ 0፣ በጣም የበራውን ፈልጎ ወደ 255 ይገፋና በመካከል ያሉትን ይለጥጣቸዋል። ጭጋግ የሸፈነው ተራራ ወይም ዕድሜ ያገረጣው ፎቶ በዚህ ስሌት እንደ ተአምር ይነሣል። የሻማ ብርሃን ላይ የተነሣ ፎቶ ግን ሦስቱ ቀለማት ለየብቻ ስለሚለጠጡ ሙቀቱን ተገፎ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። በጥምቀት ዋዜማ ነጭ ነጠላ ለብሳ በምሽት የቆመች ሴት ፎቶ ላይ ደግሞ ቁልፉ ቢጫን ምንም አይለወጥም። ነጠላው ቀድሞውኑ 255 አጠገብ ነው፤ ሌሊቱም 0 አጠገብ ነው፤ ለመለጠጥ የቀረ ቦታ የለም። ስሌቱ የሚያየው ምስሉ ሙሉ መሆኑን ነው፤ ሰው የሚያየው ግን ፊቷ መጨለሙን ነው።

ይህን በኮምፒዩተር ብቻ ማላከክ አይገባም። በፊልም ዘመን ኮዳክ ለማተሚያ ቤቶች ይልከው የነበረው፣ "ሸርሊ" በሚል ስም የታወቀው የቀለም መቃኛ ካርድ ላይ ለብዙ ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ናት፤ የሰው ፊት ትክክለኛ ቀለም የሚለካው በእሷ ነበር። ጉግል የጥቁር ቆዳን ቀለም በአግባቡ ለማሳየት ሪል ቶን ያለውን አሠራር ለስልኮቹ ያስተዋወቀው በ2021 ነው።

የካሜራ ፍላሽ የሚያመጣውን የዓይን መቅላት የሚያጠፋው መሣሪያ እምብዛም የሚያከራክር አይደለም። የትንንሽ ካሜራዎች ፍላሽ ለሌንሱ በጣም ስለሚቀርብ ብርሃኑ በዓይን ውስጠኛው ግድግዳ ላይ አርፎ የደሙን ቀለም ይዞ ይመለሳል፤ መሣሪያው ቀዩን ወደ ጥቁር ይለውጠዋል። የድመትና የውሻ ዓይን አረንጓዴ ወይም ቢጫ ስለሚያበራ ግን አይነካውም። በቤት ተጠቃሚው ዘንድ ከሁሉ የተወደደ መሣሪያ ሳይሆን አይቀርም።

በ2001 አዶቢ ፎቶሾፕ ኤለመንትስን በ99 ዶላር አቀረበ፤ ዋናው ፎቶሾፕ ያን ጊዜ ከ600 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ኤለመንትስ ከፎቶዴሉክስ የሚለየው አሻንጉሊት ባለመሆኑ ነው፤ ውስጡ የፎቶሾፕ ሞተር ሲሆን ንብርብሮችንም ይሠራል። ለማተሚያ ቤት የሚያስፈልጉት ባለ አራት ቀለም ስሌትና ሌሎች አንዳንድ መሣሪያዎች ግን ተነሥተውለታል። የንብርብር ጭምብል የተሰጠው በ2010 በዘጠነኛው እትም ነው። የሚገርመው ከተነሡት መሣሪያዎች አንዳንዶቹ በእርግጥ አልተነሡም ነበር፤ ከመስኮቱ ተሰውረው ውስጥ ተቀምጠው ስለነበር ተጠቃሚዎች በተጨማሪ ፋይል እየቀሰቀሱ አወጧቸው። ኩባንያው የሸጠው ግማሽ ቤት አልነበረም፤ ግማሹ የተቆለፈ ሙሉ ቤት እንጂ።

ታናሽ ታላቁን ያስተማረበት ጊዜም አለ። በ2004 የወጣው ሦስተኛው ኤለመንትስ አንዲት ነጥብ ላይ ሲነኩት ዙሪያዋን አይቶ ጉድለቷን የሚሞላ ብሩሽ ይዞ መጣ፤ ዋናው ፎቶሾፕ ይህን ያገኘው ቆይቶ በ2005 ነው። ሻጋታ ለነጠበበትና እጥፋት ለሰነጠቀው የድሮ ፎቶ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አልነበረም። ብሩሹ ግን የሚሞላው በግምት ነው። የአያትን የግንባር ንቅሳት ከሻጋታ ነጠብጣብ የሚለየው አያቲቱን የሚያውቅ ሰው እንጂ ብሩሹ አይደለም።

አማርኛ አንባቢን በተለይ ያስቸገረው ደግሞ በፎቶው ላይ ጽሑፍ መጻፍ ነበር። የጥንቱ የኮምፒዩተር የፊደል ዓይነት 256 ቦታ ብቻ ያለው ሲሆን፣ ከእነዚህም ጥቂቶቹ ለኮምፒዩተሩ ለራሱ የተያዙ ናቸው። የግእዝ ፊደል 33 ቤት በ7 ሲባዛ ብቻ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከአንድ የፊደል ዓይነት ሞልቶ ይፈሳል። ስለዚህ ፊደሉ ለሁለትና ከዚያ በላይ ተከፋፍሎ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ተቀመጠ። በአንድ የጽሑፍ ሳጥን አንድ የፊደል ዓይነት ብቻ በሚቀበል የፎቶ ፕሮግራም ላይ "መልካም ጋብቻ" ለመጻፍ ቃሉን ቆራርጦ መልሶ በዓይን መገጣጠም ያስፈልግ ነበር። ዩኒኮድ ግእዝን በ1999 በሦስተኛው እትሙ ቢያካትትም፣ ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን የግእዝ ፊደል ይዞ የመጣው በ2007 ለሕዝብ በተሸጠው ቪስታ ነው።

የጠፋውን ኔጋቲቭ የመለሰው ለባለሙያ የተሠራ ውድ ፕሮግራም ሳይሆን ነፃ የሆነው ፒካሳ መሆኑ መመዝገብ ይገባዋል። ጉግል በ2004 ገዝቶ በነፃ የለቀቀው ይህ ፕሮግራም፣ ተጠቃሚው ሲቆርጥ፣ ሲያበራ፣ ቀለም ሲለውጥ ነባሩን ፋይል አይነካም ነበር፤ የተደረገውን ለውጥ ብቻ በአጠገቡ ባለች ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ይመዘግባል። ፎቶው በተከፈተ ቁጥር ለውጡ በላዩ ላይ ይሰላል። "አስቀምጥ" ቢባል እንኳ ነባሩን ቅጂ በተሰወረ አቃፊ ያኖረዋል። ከአንድ ዓመት በኋላም ቢሆን መመለስ ይቻላል። ከጨለመው ክፍል ብቻ ብርሃን የሚያወጣ ተንሸራታች ቁልፍም ስለነበረው፣ አውቶማቲኩ ስሌት ያልደረሰላት ባለ ነጠላዋ ሴት ፊቷ የታየው በዚህ ነው።

የዚህም ጣጣው ከጥንካሬው የሚመነጭ ነው። ለውጡ ያለው ፎቶው ውስጥ ስላልሆነ፣ ፋይሉን ብቻ በፍላሽ ዲስክ ገልብጦ ወደ ፎቶ ቤት የወሰደ ሰው የሚታተምለት ያልታረመው ነው። ሌሊቱን ሲያሳምር ያደረበት የሠርግ ፎቶ ጠዋት ቀይ ዓይን እንዳለው ይወጣል፤ ከአታሚው ጋር የሚደረገውም ክርክር መፍትሔ የለውም፤ ሁለቱም ያዩትን ነውና የሚናገሩት።

ጉግል ለፒካሳ የሚሰጠውን ድጋፍ በማርች 2016 አቋረጠ። ማይክሮሶፍት ፒክቸር ኢት ብሎ በ1996 የጀመረውን የቤት ፎቶ ፕሮግራሞች መስመር በ2007 ዘግቷል፤ ጃስክ በ2004 ለኮረል ተሸጧል፤ ፎቶዴሉክስ በኤለመንትስ ተተክቶ ቀርቷል። ሁለት የበርክሊ ተማሪዎች፣ ስፔንሰር ኪምቦልና ፒተር ማቲስ፣ በ1995 የጀመሩት ነፃው ጊምፕ ግን አለ። ነባሩን ምስል ሳይነኩ ማጣሪያዎችን በላዩ ላይ ማሳረፍ የቻለው በ2025 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ነው፤ ፒካሳ ለቤተሰብ አልበም ሰጥቶት የነበረውን ዓይነት ነፃነት ለማድረስ ሃያ ዓመት ፈጀበት ማለት ነው።

የፒዲዲና የፒክቸር ኢት ሚክስ ፋይሎች የተቃጠሉባቸው የ1990ዎቹ መጨረሻ ሲዲዎች በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ አሁንም ይገኛሉ። ሲዲው ቢነበብ እንኳ ፋይሎቹን የሚከፍት ፕሮግራም ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ሚክስ በተለይ ያስቸግራል። በመሆኑም የዚያን ዘመን ፎቶ የሚፈልግ ቤተሰብ ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ወደዚያው ሲዲው ከመቃጠሉ በፊት ስካን ወደተደረገው፣ ጠርዙ ወደተበላው ወረቀት ነው።